በር ላይ የተለጠፈችው ወረቀት፦ ስለ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለጤና ጣቢያችን የአስተዳደር ቦርድ አባላት እና ከበላይ ሆናችሁ ለምትመሩት የከተማችን የጤና ኃላፊዎች
ሐዋሳ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን።

ከፍቼ ጨምበላላ በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት የጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። ግማሽ ገጽ አትሞላም። «ከሰኞ ጀምሮ ከወሊድ በስተቀር የማታ፣ የቅዳሜ ከሰዓትና የእሑድ አገልግሎት የማንሰጥ መሆኑን እናሳውቃለን» ትላለች። ቁጥርና ማኅተም አላት። ምክንያት የላትም። እስከ መቼ እንደሆነም አትናገርም። የተለጠፈችው በቁስል ፕላስተር ነው። ይህን የምናነሳው ለቀልድ አይደለም። በዚያው ሳምንት ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ይዘን ሄደን «ፕላስተር አልቋል፣ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ» ተብለን ነበር።

እኛ የአንድ ሰፈር እድር አባላት ነን። ወደ ሁለት መቶ የምንጠጋ አባወራና እማወራ። ከመሃላችን አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወጣ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሰፋ አለች። ባጃጅ የሚነዳ፣ ጉልት የምትቸረችር፣ እንደኔ ጡረታ የወጣም አለ። የጤና ጣቢያውን ስም ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌላው አንባቢ ደግሞ የራሱን ሰፈር ጤና ጣቢያ አስቦ ቢያነበው ብዙ የሚሳሳት አይመስለንም።

እድር ስለ ጤና ጣቢያ ምን አገባው የሚል ሰው አይጠፋም። ባለፈው አንዱ የቢሮ ሰው በግልጽ ጠይቆናል። መልሳችን መዝገቡ ላይ አለ። የእድሩ መዝገብ የሟች ስም፣ ቀን እና ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ የሚጻፍበት ዓምድ አለው። ሰውየው በምን ሞተ የሚል ዓምድ ግን የለውም። እኔ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ዳር ዳሩን በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ። «ስኳር»። «ግፊት፣ ሲነጋ ሞቶ ተገኘ»። «ወባ፣ ይሻለዋል ብለን»። አንድ ቀን ገጾቹን ሳገላብጥ ቆየሁ። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ ሊይዛቸው የሚገቡ ሕመሞች ናቸው። ልብ ተከፍቶ የሚጠገንበት ጉዳይ አይደለም። ኪኒን፣ መለኪያ እና ቀጠሮ የሚበቃቸው ናቸው። ድንኳን የምንተክለው እኛ ነን። ስለዚህ ያገባናል።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቷ። ከተለጠፈች በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ የስድስት ዓመት ልጅ አተኮሰው። እናቱ ፓርክ ነው የምትሠራው፤ ቀን ፈረቃ ነበረች። አያቱ አዝለውት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም። በጣቱ ወረቀቷን አሳያቸው። አያት ማንበብ አይችሉም፤ አነበበላቸው። «ልጁ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ» አሉት። «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰኞ ይምጡ» አለ።

ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ወባን አዲስ እንግዳ አድርገን አናወራም። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር አለበት ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ፖስተሩ እስካሁን ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አለ። ከቅዳሜ 9 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሆነ ቁጠሩት። ትንኟስ ብትሆን የምትነክሰው ማታ ነው።

አያት ወደ ግል ክሊኒክ ሄዱ። ለካርድና ለደም ምርመራ የተጠየቁት ገንዘብ ጉያቸው ውስጥ አልነበረም። የእድራችን አባል የሆነ ባለባጃጅ መንገድ ላይ አገኛቸውና ሆስፒታል አደረሳቸው። ድንገተኛ ክፍሉ በመኪና አደጋ ተጎጂዎች ተሞልቶ ነበር። ልጁ ኮሪደር ላይ ነጠላ ተነጥፎለት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቆየ። ተመረመረ፤ ወባ ነው፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ተሰጠው። ዛሬ ኳስ ይጫወታል፤ ተመስገን።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቤተሰቡ የጤና መድን አባል ነው። የዓመቱን መዋጮ በምዝገባው ወቅት ከፍሏል። ሆስፒታሉ መስኮት ላይ «ሪፈር ወረቀት አላችሁ?» ተባሉ። የላቸውም። ስለዚህ ከኪስ ተከፈለ። የመድኑን ደንብ እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። ደንቡን አንጠላውም። ለጉንፋን ሁሉ ሆስፒታል መጋፋት እንደማይገባ ይገባናል። ግን ሪፈሩን የሚጽፈው ጤና ጣቢያ ዝግ ከሆነ ሰው ወረቀቱን ከየት ያምጣ? «ድንገተኛ ከሆነ ያለ ሪፈር ይታያል» ይባላል። ድንገተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሆኖ ነው ያገኘነው።

የማታው ሥራ ለምን ቆመ? የነገረን የለም። ወሬው ግን ሰፈር ውስጥ ሞልቷል። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ለወራት ስላልተከፈለ ሠራተኞቹ በቃን ብለው ነው ይባላል። እውነት ከሆነ እነሱን አንከስም። ሌሊት የሠራ ሰው ሊከፈለው ይገባል፤ ሌላ ምን ይባላል? በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በአገር ደረጃ ስለ ደመወዛቸው ሲጮኹ እኛም ሰምተናል። ሰፈራችን ጋዋን የለበሰን ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። የዚያ «ዶክተር» ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚያስተርፍለት ግን አከራዮቹ እኛው ስለሆንን እናውቃለን። ቅሬታችን እነሱ ላይ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ለራሱ ሥራ እንዲያውል ከተፈቀደለት ዓመታት ተቆጥረዋል። ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስነው ቦርዱ ነው። ቦርዱ ተሰብስቦ ከዲዩቲ የሚቀድም ምን አገኘ? ይህን ነው የምንጠይቀው።

ሁለተኛው ነገር ማክሰኞ ነው።

የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ክትትል ቀድሞ በሳምንት ሦስት ቀን ነበር። ከዓመት በፊት ወደ አንድ ቀን ተጠቀለለ። ማክሰኞ። እኔም ስኳር ስላለብኝ የማክሰኞ ሰው ነኝ፤ የማወራው የሰማሁትን አይደለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ድንጋይ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሰው ነው። ባለ ድንጋዩ ቤቱ ተመልሶ ትንሽ ጋደም ይላል፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመጣል። ድንጋይ የሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ነፋስ ጠርሙሱን ከወሰደው ጠብ ነው። ካርድ ክፍሉ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ካርድ ከጠፋ (ይጠፋል) አዲስ ይወጣል። አዲስ ካርድ ማለት የአምስት ዓመት ታሪክህ ተረስቶ «ስኳር ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ተብለህ እንደገና መጠየቅ ነው።

የስኳር ምርመራው በባዶ ሆድ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ባለፈው ወር አንዲት ከስልሳ ያለፉ እናት ከፊቴ ነበሩ። የጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተዋል። ኪኒኑን ሳትበሉ አትዋጡ ብሎ ያስረዳቸው የለም፤ ወይም ተነግሯቸው ረስተውታል። 4 ሰዓት ሲሆን ማላብ ጀመሩ። ጠዋቱ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ነጠላቸውን አወለቁ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኝ ጀመር፤ ልጃቸው ካገባች አሥር ዓመቷ ነው። ዓይናቸው ፈዘዘ። ከግንቡ ጋር ተጣብቀው ቁልቁል ተንሸራተቱ።

ቀድማ የደረሰችው ሐኪም አይደለችም። በሩ ላይ ጀበና ይዛ የምትቀመጠው ልጅ ናት። አንድ ሲኒ ውሃ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች። ማንኪያው ስላልተገኘ በጣቷ አማሰለችው። ቀና አድርገን አጠጣናቸው። ሲስተሯ ስትሮጥ መጥታ ጣታቸውን ወግታ ለካች። 41። «ከ70 ከወረደ አደጋ ነው፣ እንኳን ስኳሩን አጠጣችኋቸው» አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ስትሠራ፣ ውጭ ስልሳ ሰው ይጠብቃታል። እናትየው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነቁና መጀመሪያ የጠየቁት «ተራዬ አለፈ?» ብለው ነው።

ይህ ሁሉ ወረፋ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ለመቀበል ነው። አዎ፣ የሁለት ሳምንት። በኮሮና ጊዜ የሁለትና የሦስት ወር ይሰጠን ነበር። ማንም አልሞተ፣ ማንም መድኃኒቱን አልሸጠ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱና ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎች በ6 ወር አንዴ ብቻ መጥተው እንዲወስዱ በአገራችን ከተደረገ ቆይቷል፤ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። የእኔ ስኳር ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት መጠን ኪኒን እየወሰድኩ ከተረጋጋ፣ በወር ሁለት ሌሊት ድንጋይ የማስቀምጠው ለምንድን ነው?

ሦስተኛው፣ «የለም» የምትለዋ ቃል።

የስኳር ኪኒኑ ሜትፎርሚን የለም። የግፊቱ አምሎዲፒን የለም። ኢንሱሊን ደግሞ ባለፈው ሳምንት አልቋል። የመድን አባል ስትሆን «የለም» የሚለው ማኅተም ወረቀትህ ላይ ይመታልህና ከውጭ ትገዛለህ፣ ደረሰኝ ታመጣለህ፣ ገንዘቡ ይመለስልሃል። ደንቡ እንዲያ ነው። በተግባር ግን ደረሰኝ የሚቆርጥ ፋርማሲ መፈለግ አንድ ሥራ ነው። ገንዘቡ እስኪመለስ መጠበቅ ሌላ ሥራ። ከአባሎቻችን አንዱ የመስከረም ደረሰኙ በጥር ነው የተመለሰለት። የሌላዋ ደረሰኝ «ቀኑ አልፏል» ተብሎ ቀረ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ከመጣ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ወላጅ ስላላችሁ ታውቁታላችሁ። ጡረተኛ አስቀድሞ ከፍሎ አራት ወር መጠበቅ አይችልም። ምን ያደርጋል? ኪኒኑን ለሁለት ይገምሰዋል። ግማሽ ዛሬ፣ ግማሽ ነገ። መዝገቤ ዳር «ግፊት፣ ሲነጋ ሞቶ ተገኘ» ብዬ የጻፍኩት ሰውዬ ቤት ለለቅሶ ስንሄድ ትራሱ ሥር የተገመሱ ኪኒኖች በወረቀት ተጠቅልለው ተገኝተዋል። ሞቱ በዚያ ምክንያት ነው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ነው።

ዘንድሮ ለመድኑ እንመዝገብ ብለን ስንዞር ሰዎች በር ይዘጉብን ጀምረዋል። «መድኑ ካርድ ነው እንጂ መድኃኒት አይሆንም» ይሉናል። እኛ ነን ቤት ለቤት ዞረን ያስመዘገብናቸው። ምዝገባው ሲደርስ እድሮችን ጠርታችሁ «የማኅበረሰቡ ምሰሶዎች» ትሉናላችሁ። ሐሜቱንም የምንበላው እኛ ነን።

ስለ ቤት ለቤት ጉብኝት ብዙ አንልም፤ ምክንያቱም የሚባል ነገር አልቀረም። ቀድሞ የቤተሰብ ጤና ቡድን ይመጣ ነበር። ጤና መኮንን፣ ነርስ እና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆነው። አልጋ ላይ የዋሉትን ይለካሉ፣ ክትባት ያመለጣቸውን ይመዘግባሉ። ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች ኢንሱሊናቸውን በሸክላ ዕቃ፣ እርጥብ አሸዋ መሃል እንዴት እንደሚያስቀምጡ ያሳየችን ከእነሱ አንዷ ናት። ዛሬም የሷን ሸክላ የሚጠቀሙ ቤቶች አሉ። አሁን ኤክስቴንሽኗን የምናያት ለዘመቻና ለመዋጮ ስብሰባ ስትጠራን ነው። እሷም ታፍራለች። ሰላም ብላን ፈጥና ትሄዳለች።

ቋንቋንም ሳናነሳ አናልፍም። ከቱላ በኩል የሚመጡ ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶች አሉ። ይህ የሲዳማ ዋና ከተማ ነው። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሲዳምኛ የሚችል ሰው አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። የሌለ ቀን የሚያስተረጉመው ወረፋ ላይ ያለ ማንም ሰው ነው። ሴት ልጅ ስለ ማሕፀኗ ሕመም በማያውቁት ጎረምሳ አስተርጓሚነት ትናገር? አትናገርም። «ሆዴን ያመኛል» ብላ ፓራሲታሞል ይዛ ትመለሳለች።

አሁን ደግሞ ስለ ሮቶውና ስለ አግዳሚዎቹ። ይህ ቅሬታ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኛን ግን ከሁሉ በላይ ያሳዘነን እሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያው ውሃ ጠፍቶ የወለዱ እናቶች በጀሪካን ውሃ ከቤት ይዘው ይሄዱ ነበር። ኃላፊው ወደ እድራችን መጡና «ማኅበረሰቡ ካልደገፈ እኛ ብቻችንን አንችልም» አሉ። ልክ ነበሩ። በስብሰባ ተነጋገርን። ተከራከርን፤ «የመንግሥትን ሥራ ለምን እንሠራለን» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ቤት 300 ብር አዋጣ። ያልቻለው የጉልበት ቀን ሰጠ። አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ገዛን። ስድስት የእንጨት አግዳሚ የሰፈራችን አናጺ በዕቃው ዋጋ ብቻ ሠራልን። ርክክቡ ዕለት ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን።

ሮቶው ዛሬ መሬት ላይ ተቀምጧል። መቆሚያ ይሠራለታል ተብሎ ነበር፤ አልተሠራም። ውሃ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አይወጣም። ስለዚህ አስታማሚዎች በጆግ እየቀዱ ይወስዳሉ። አንድ አምስት ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ትንሽ ብረት እና የሁለት ቀን ሥራ የሚጨርሰው ነገር ነው። አግዳሚዎቹ ደግሞ ከጥበቃው ቦታ ተነሥተው ስብሰባ አዳራሽ ገብተዋል። መጋረጃው ሲገለጥ በመስኮት ይታዩናል። ጥሩ ተደርገው ተወልውለዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ስልሳ በሽተኛ ግንብ ተደግፎ ቆሞ ስድስት አግዳሚ አዳራሽ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እነዚያ እናት ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ ስኳራቸው አይወርድም ነበር አንልም። ግን ባይወድቁስ?

እድራችን ተጠርቶ የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰደ ጊዜ አንድ ነገር ተነግሮናል። በ1978 እ.ኤ.አ. የዛሬዋ ካዛኪስታን ውስጥ አልማ አታ ላይ አገሮች ተሰብስበው ስለ መሠረታዊ የጤና ክብካቤ ሲስማሙ፣ ሕዝብ በጤናው ዕቅድና ሥራ ላይ መሳተፍ መብቱም ግዴታውም ነው ብለዋል አሉን። ደብተሬ ላይ አሥምሬበታለሁ። ግዴታውን ሮቶ ገዝተን ተወጥተናል። መብቱ የቱ ጋ ነው? በቦርዱ ውስጥ የማኅበረሰብ ተወካይ የሚባል ወንበር አለ። ማን እንደተቀመጠበት ሰፈር ውስጥ ጠይቀን አጣን። በየሩብ ዓመቱ ነዋሪው ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት ኮሙዩኒቲ ስኮር ካርድ የሚባለው አሠራርም አለ። ስለ ርኅራኄና አክብሮት፣ ስለ ወረፋ፣ ስለ መድኃኒትና ላቦራቶሪ፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ ንጽህና ነጥብ ይሰጣል። እኛ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠርተናል። ለወረፋው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠን። ከዚያ ወዲህ አልተጠራንም። የአስተያየት ሣጥኑን ደግሞ ባትጠይቁን ይሻላል። ቁልፉ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል ይባላል።

አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ ለ40 ሺህ ሰው ታስቦ እንደሚሠራ እናውቃለን። ከተማችን እያበጠች ነው፤ እናንተም በአንድ ሌሊት ሌላ ጤና ጣቢያ አትወልዱም። የምንጠይቀው ስለዚህ አዲስ ሕንፃ አይደለም።

የማታውና የሰንበቱ አገልግሎት ይመለስ። የዲዩቲ ክፍያው ችግር ከሆነ በውስጥ ገቢው ላይ ቦርዱ ይወስን፣ ውሳኔውንም ይንገረን። እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ማዋለጃ ክፍሉ 24 ሰዓት ሰው አለው። ተረኛዋ ሪፈር ወረቀት እንድትጽፍ፣ ትኩሳት ላለበት ልጅም በጣት ደም የሚሠራውን ፈጣን የወባ ምርመራ እንድታደርግ ይፈቀድላት። ምርመራው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሥራ ከበዛባትም ሪፈሩን ብቻ ትጻፍ፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

የማክሰኞው ወረፋ በሳምንቱ ቀናት ይከፋፈል፤ ቀጠሮውም በሰዓት ይሁን። ስኳር የሚለኩ ሰዎች ቀድመው ይለኩና ቁርሳቸውን ይብሉ፤ ሐኪሙን በኋላ ይጠብቁ። ሕመማቸው ለተረጋጋ የሦስት ወር መድኃኒት ይሰጥ። የሦስት ወር ክምችት የለም ከተባለ የወር ይሁን።

ያሉትና የሌሉት መድኃኒቶች ዝርዝር ሰኞ ሰኞ በሩ ላይ ይለጠፍ። ያቺን ወረቀት ለመለጠፍ ፕላስተር እኛ እናመጣለን። የመድን ደረሰኝ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይመለስ፤ ያልተመለሰ እንደሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።

ካርድ ክፍሉ ውስጥ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ሲዳምኛ የሚችል ሰው ይመደብ። የቤተሰብ ጤና ቡድኑ ቢያንስ አልጋ ላይ የዋሉትን በወር አንዴ ይይ። ዝርዝራቸው እኛ ጋ አለ፤ ቤቱንም እናሳያለን። የማኅበረሰብ ተወካዩ በአደባባይ፣ ሰፈሩ ባለበት ይመረጥ።

የሮቶውን መቆሚያ እኛ እንሥራው። ድንጋዩም ጉልበቱም ከእኛ ነው። አናጺያችንም ግንበኛውም ፈቃደኞች ናቸው። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃድና ሲሚንቶ ብቻ ነው። ሲሚንቶውም ከጠፋ እንነጋገራለን። የፈቃድ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አስገብተናል፤ ሦስቱም ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አለ።

የእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ መልስ ይስጠን። አባላቱ ስለሚበዙ መቀመጫ ያጥረናል። የሚመጣው ሰው አዳራሽ ውስጥ ካሉት ስድስት አግዳሚዎች አራቱን አስይዞ ቢመጣ አንቀየምም። ሁለቱን ጥበቃው ጋ ለማክሰኞ ይተውልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የእድሩ ጸሐፊ፣ የጤና መድን አባልና የማክሰኞ ታካሚ
የእድሩ ሊቀ መንበር
የእድሩ ገንዘብ ያዥ
ለመድን ምዝገባ ቤት ለቤት የዞሩ ሦስት የእድሩ እናቶች